የዲናሞ ክላች ፑሌጃ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዛሬ የምናወራው ስለ ዲናሞ ፑሌጃ ነው። ዲናሞ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርገው ነው፤ ፑሌጃው ደግሞ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ) የሚያዞረው፣ ዲናሞው ጫፍ ላይ ያለው ክብ። ስለ ጠጣሩ (ክላች ስለሌለው) ሳይሆን ውስጡ ክላች ስላለው። አስቀድሜ ልናገር፦ ሞተር እየሠራ ቺንጋ አጠገብ እጅ አይገባም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፑሌጃ ያው ፑሌጃ ነው። ክላች ምን ይሠራለታል?

መልስ፦ ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ሞተር ለጆሮ እኩል የሚዞር ይመስላል እንጂ አይደለም። አንዱ ሲሊንደር ሲያቃጥል ክራንክ ሻፍቱ (ቺንጋውን የሚያዞረው የሞተሩ ዘንግ) ይፈናጠራል፣ ቀጣዩ አየር ሲያምቅ ደግሞ ይንቀራፈፋል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለቴ ያቃጥላል። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) በደቂቃ 750 ዙር ካለ፣ ቺንጋውን በሰከንድ 25 ጊዜ ጎተት ለቀቅ ያደርገዋል። ዲዝል ላይ ይብሳል፤ እመቃው ከባድ ነው።

አሁን ዲናሞውን አስቡት። ፑሌጃው ትንሽ ስለሆነ ከሞተሩ ሁለት ተኩል፣ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። ውስጡ የሚዞረው መዳብና ብረት ከባድ ነው፤ አንዴ ከተነሳ ቁም ቢሉት አይሰማም። ቺንጋው ሲዘገይ እሱ ሩጫውን ይቀጥላል። ፑሌጃው ጠጣር ከሆነ ቺንጋውን ይዞት ይሮጣል። ቺንጋው ይንሸራተታል፣ ይጮሃል፣ ቺንጋውን ወጥሮ የሚይዘው መወጠሪያ ይንቀጠቀጣል። የብስክሌት የኋላ ጎማን እዩ፤ ፔዳሉን ስታቆሙ ጎማው ብቻውን ይሄዳል። ክላቹም እንደዚያው ነው። ቺንጋው ሲፈጥን ይይዛል፣ ሲዘገይ ይለቃል።

ጥያቄ፦ ሲለቅ ቻርጅ አይቋረጥም?

መልስ፦ አይቋረጥም። ዓይን እስኪጨፈን እንኳ አይቆይም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ይጮሃል። ምን ልቀይር?

መልስ፦ የትኛው መኪና? መቼ? ከየት በኩል? ወንድሜ፣ እኔ ጠንቋይ አይደለሁም።

ጥያቄ፦ ያለኝ ዲኤክስ ነው። ለእኔስ?

መልስ፦ ያንተ ጠጣር ነው፣ ቺንጋውም የ«ቪ» ቅርጽ ያለው ነው። በሰላም ንዳ።

ጥያቄ፦ ሂሉክስ ዲዝል ነው። ሞተር ሳጠፋ ከፊት በኩል የሆነ ነገር «ዝዝዝ» ይላል።

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ሞተሩ ቆሞ ዲናሞው ለአፍታ በራሱ ሲዞር ለስለስ ያለ ድምፅ ያሰማል፣ ምንም አይደለም። የሚፈጭ ድምፅ ከሆነ ግን ኩሽኔታው ወይም ክላቹ አልቋል። ሚኒሞ ላይ ከራቅ ብለህ (እጅ አይገባም ብያለሁ) የመወጠሪያውን ክንድ እይ። ብርድ እንደያዘው ሰው ከተንቀጠቀጠ ክላቹ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ጭራሽ መያዝ ካቆመ ደግሞ ቺንጋው ይዞራል፣ ዲናሞው አይዞርም፣ የባትሪ መብራት ይበራል። ያኔ ሙሉ ዲናሞ ሊሸጥልህ የሚመጣ አይጠፋም። አትቸኩል። ዲናሞው ሲወርድ መሃሉን በልዩ ቁልፉ ያዝና ውጩን በእጅህ አዙረው። በአንድ በኩል መያዝ፣ በሌላው መልቀቅ አለበት። በሚይዝበት በኩል እንደ ሞላ ለጠጥ ካለ አትደንግጥ፤ ሞላ የተጨመረበት ዓይነት አለ። በሁለቱም ከያዘ ወይም በሁለቱም ከለቀቀ ሞቷል። አይጠገንም፣ ይቀየራል። በጠጣር አይቀየርም!

አባል፦ እኔ ጠጣር አስገብቼ ሁለት ዓመት ነዳሁ፣ ምንም አልሆነ።

ሌላ አባል፦ መወጠሪያውን ስንቴ ቀየርክ?

አባል፦ አንዴ። እሺ፣ ሁለቴ። እሱ ግን የቻይና ስለሆነ ነው።

ሦስተኛ አባል፦ ቻይና ምን አደረገችህ? የእኔ ቻይና አራት ዓመቱ።

አባል፦ አስፋልት ላይ ብቻ ስለምትነዳ ነዋ!

መልስ፦ የቻይናን ጉዳይ ሻይ ቤት ጨርሱት። ፑሌጃው ላይ ያተረፍከውን በመወጠሪያ ከፍለኸዋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለጊዜው ጠጣር ማስገባት ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ።

ጥያቄ፦ ፑሌጃው ፊት ላይ ያለችው የፕላስቲክ ክዳን ወድቃለች። መካኒኩ «ጌጥ ናት» አለኝ።

መልስ፦ ጌጥ አይደለችም፣ እህቴ። አቧራና ውሃ ወደ ኩሽኔታው እንዳይገባ የምትከላከለው እሷ ናት። ክዳኑን ዛሬውኑ ፈልጊ። እስክታገኚ ድረስም ሞተሩን በግፊት ውሃ አታሳጥቢ።