የቆርቆሮ አትክልት ወይስ ያልተነፋ ዱቄት?

እህቴ፣ «ለልጆቼ የታሸገ የቆርቆሮ አትክልት ይሻላል ወይስ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱ አይተካኩም። 100 ግራም ያልተነፋ ዱቄት ወደ 340 ካሎሪ፣ 13 ግራም ገደማ ፕሮቲንና ወደ 10 ግራም አሰር አለው፤ ያንኑ ያህል የታሸገ ፎሶሊያ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ካሎሪው ከ30 አያልፍም። ዱቄቱ ደግሞ ቫይታሚን ሲ የለውም። የቆርቆሮውም ቢሆን ሲታሸግ በሙቀቱ ብዙውን ያጣል፤ ቲማቲም ግን በሌላ በኩል ለየት ይላል፣ ሲበስል ላይኮፒን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት በቀላሉ ያገኘዋል። የቆርቆሮ አትክልት ብዙ ጊዜ ጨው ይበዛበታል፤ ከገዛሽ ውኃውን ደፍተሽ እጠቢው።

እኔ ብሆን ስንዴውን ገዝቼ ወፍጮ ቤት አስፈጫለሁ። ፉርሽካውን ነፍቶ ለከብት መስጠት ያሳዝነኛል፤ ብረቱ፣ ማግኒዥየሙና ቢ ቫይታሚኖቹ በብዛት ያሉት እዚያው ነው። በእርሾ አቡክተሽ በደንብ ይቦካ፤ ማዕድናቱን አስሮ የሚይዘው ፋይቴት ይቀንሳል። ብዙ አታስፈጪ፣ በውስጡ ያለው ዘይት ሲቆይ ዱቄቱን ያመርረዋል።

አትክልቱን ከገበያ ግዢ። ጎመንና አቮካዶ በሞላባት ጅማ ቆርቆሮ ፍለጋ ከሱቅ ሱቅ መዞር አይገባኝም። ጎመኑን ብቻ ብዙ አትቀቅይው።