ራስ ዳሽን መቼ ይወጣል? ጥያቄና መልስ ከአራት ኪሎ

ተራራ የምንወድ ሰዎች አልፎ አልፎ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ እንገናኛለን። የሰሞኑ ወሬያችን ራስ ዳሽን ነበር። ጥያቄው ስለበዛ ከመልሶቼ ጋር እነሆ።

ጋሼ፣ እረፍት የማገኘው ነሐሴ ላይ ነው። ያኔ ብወጣስ?

ነሐሴን ተወው ልጄ። ሰሜን ተራሮች ላይ ዝናቡ የሚበረታው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራው ጋ ሲደርስ ሽቅብ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ ጉምና ዝናብ ይሆናል። እዚህ ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ሥር ትጠለላለህ። እዚያ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ወንዙ ይሞላል፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። ያን ሁሉ ደክመህ ጫፉ ላይ ስትደርስ ደግሞ ከጉም በቀር ምንም ላታይ ትችላለህ።

ታዲያ የትኛው ወር ይሻላል?

ለእኔ ጥቅምት። ኅዳርም ጥሩ ነው። ዝናቡ አልፏል፣ ሣሩ ገና አልደረቀም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። መስከረም በአበባ ያምራል፣ ግን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሊይዝህ ይችላል። ከየካቲት በኋላ አገሩ ይደርቅና ጭጋጉ እይታውን ይጋርዳል።

ብርዱ እንደ እንጦጦ ነው?

ኧረ አይገናኝም! በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ወደ 6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። የራስ ዳሽን ጫፍ ወደ 4,550 ሜትር ነው። ስለዚህ ከፒያሳ ጋር ሲነጻጸር 13 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ስለሚጠራ መሬቱ የቀኑን ሙቀት ሌሊት አይዝም። ጠዋት ድንኳኑ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይጠብቅሃል። ጂንስ አትልበስ፣ ከረጠበ አይደርቅም። ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ጓንትና የሱፍ ኮፍያ ያዝ። ውድ ዕቃ አያስፈልግም፤ መርካቶ ሳልባጅ ውስጥ ደህና ጃኬት ይገኛል።

በረዶስ ይጥላል?

አንዳንዴ። ግን ቶሎ ይቀልጣል።

ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ነው። ከፍታው አይጎዳብኝም?

እናቴ፣ መስጋትዎ ልክ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው 75 በመቶ ያህል ነው። ጫፉ ላይ ከ60 በመቶም ያንሳል። እዚህ ማደጉ ይረዳዋል፣ ግን ዋስትና አይሆነውም። በጥድፊያ አይውጣ፣ መንገድ ላይ ባሉት ማደሪያዎች፣ ሳንቃበርና ጨነቅ፣ እያደረ ይሂድ። ራሱን ካመመው፣ ካስመለሰው ወይም እንቅልፍ እምቢ ካለው ከፍታ አይጨምር። እየባሰበት ከሄደ፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም እግሩ ከተብረከረከ ሌሊትም ቢሆን ይውረድ። ጓደኞቹ «ትንሽ ነው የቀረን» ቢሉት እንዳይሰማቸው አደራ ይበሉልኝ።

መንገዱ ያን ያህል ከባድ ነው?

ከባድ ነው፣ ምክንያቱም ዝም ብሎ ዳገት አይደለም። ከጎንደር ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰሜን ተራሮች ፓርክን መግቢያ እዚያ ትከፍላለህ፣ መሣሪያ የያዘ ጠባቂም ይመደብልሃል። እስከ ጨነቅ መኪና ይገባል። ፈተናው ከዚያ በኋላ ነው። የቧሒት በር፣ ማለትም የቧሒት ተራራ ማለፊያ ላይ 4,200 ሜትር ትደርሳለህ። ከዚያ ያገኘኸውን ከፍታ በሙሉ ትመልሳለህ፤ ቁልቁል መሸሃ ወንዝ ድረስ፣ ወደ 2,800 ሜትር። ጉልበት የሚያልቀው እዚህ ቁልቁለት ላይ ነው። ወንዙን ተሻግረህ አምቢቆ ታድራለህ። በማግስቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት አለብህ፣ ምክንያቱም በበጋም ቢሆን ከሰዓት በኋላ ደመና ይሰበሰባል። ጅባራው፣ ያ ውርጭ ላይ የሚበቅለው ረጅም ተክል፣ መታየት ሲጀምር ከፍ ብለሃል ማለት ነው። መጨረሻዋ ላይ በእጅ ጭምር የሚወጣ ዐለት አለ። ገመድ አይፈልግም፣ ግን እርጥብ ከሆነ ተጠንቀቅ።

አሁን መሄድ ይቻላል?

ከአየሩ በፊት የአገሩን ሰላም ጠይቁ። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ አማራ ክልል ውስጥ ግጭት አለ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት አነጋግሩ። ካልሆነ ለሌላ ዓመት ይደር፣ ተራራው የትም አይሄድም።

ካዛንቺስ ቢሮ ስቀመጥ ነው የምውለው። በምን ልጀምር?

ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግርሽ ውጪ። ቦርሳሽን በውሃ ሙዪው። ስትወርጂም ታክሲ አትያዢ፣ ጉልበትሽ መልመድ ያለበት ቁልቁለቱንም ነው።