ጥያቄና መልስ፦ ውርጭና የበረዶ ግግር ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን

የሐዋሳ የባዮሎጂ ቡድን አባላት፣ ጠይቁ። ናሙናው ከየት እንደመጣና በስንት ዲግሪ እንደቆየ ግን አብራችሁ ጻፉ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከባሌ ሳኔቲ ውርጭ የመታው አፈር አምጥተን በ37 ዲግሪ ሦስት ቀን አቆየን። የበቀለው የተለመደው ባክቴሪያ ብቻ ነው።

መልስ፦ በ37 ዲግሪ የምትፈልጉትን ገድላችሁ የማትፈልጉትን አበቀላችሁ። እውነተኛ ቅዝቃዜ ወዳዶች የሚመቻቸው 15 ዲግሪና ከዚያ በታች ነው፤ ከ20 በላይ አያድጉም። ናሙናው ላይ በ45 ዲግሪ የቀለጠ አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ረግቶ የሚጠነክር ምግብ) አፍስሳችሁ ከሆነ ደግሞ ገና ከጅምሩ አልቀዋል። አጋሩ አስቀድሞ ይርጋ፣ ፍሪጅ ውስጥ ይቀዝቅዝ፤ ከዚያ ከተበረዘው ናሙና 0.1 ሚሊ ሊትር ላዩ ላይ በመስታወት ዘንግ አሰራጩ። ዘንጉን አልኮል ነክራችሁ ካቃጠላችሁት በኋላ ሳይበርድ አታስነኩት፤ ትኩሱ ዘንግም ይገድላል። ምግቡ ሳሳ ያለ ይሁን፣ አር2ኤ አጋር ይበቃል። በ4 ዲግሪ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይቆይ፤ ዲሹን በፓራፊልም (ተለጣጭ መጠቅለያ) ካልጠቀለላችሁት ይደርቃል። ባዶ ኮንትሮልም አትርሱ፦ የመከነ (ተሕዋስያኑ የተገደሉበት) ውሃ በዚያው መንገድ ዝሩ። እዚያ ላይ የበቀለ ካለ ከእጃችሁ ወይም ከአየር የገባ ነው።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ፍሪጁን አትክፈቱት። ቴርሞሜትር ውስጡ ይኑር።

አባል፦ ራስ ዳሽን ላይ የበረዶ ግግር እያለ ባሌ ምን ያስኬዳል?

ሌላ አባል፦ የለም እኮ! ይጥላል፣ ይቀልጣል። አፍሪካ ውስጥ ግግር ያለው ኪሊማንጃሮ፣ ኬንያ ተራራና ሩዌንዞሪ ላይ ነው።

አባል፦ ነጭ ሆኖ የተነሳ ፎቶ አለ።

መልስ፦ ሁለተኛው ልክ ነው፤ ፎቶው የአንድ ሰሞን በረዶ ነው። ባሌም ጥንት ግግር ነበረው፣ ዛሬ የለውም። የሳኔቲንም አፈር ፐርማፍሮስት አትበሉት፤ ፐርማፍሮስት ቢያንስ ሁለት ተከታታይ ዓመት ዜሮና ከዚያ በታች የቆየ መሬት ነው። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ጥያቄ፦ ግግር ላይ የሚታዩት ጥቁር ጉድጓዶች ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። የክራዮኮናይት ጉድጓድ ይባላሉ። ክራዮኮናይት የሚባለው ነፋስ ያመጣው ጥቁር ብናኝ የፀሐይ ሙቀት ይሰበስብና ሥሩ ያለውን በረዶ ያቀልጣል፤ ቀጥ ያለ፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ ይሆናል። ውሃው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ሳይያኖባክቴሪያ (በፀሐይ ብርሃን ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) እንደ ድር ተጠላልፎ ብናኙን እንክብል ያደርገዋል። ድሩ ባይኖር ብናኙን የቀለጠው ውሃ ጠርጎ ይወስደው ነበር። እንክብሉ ጥቁር ስለሆነ ደግሞ መቅለጡን ያፋጥናል፤ ሕይወቱ የራሱን ቤት ይቆፍራል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ በረዶ ውስጥ ባክቴሪያ ይኖራል ወይስ ይሞታል?

መልስ፦ የትኛው ባክቴሪያ? በስንት ዲግሪ? ፕላኖኮከስ ሃሎክራዮፊለስ የሚባለው ባክቴሪያ ጨዋማ ውሃ ውስጥ ከዜሮ በታች በ15 ዲግሪ ይባዛል። አብዛኛው ግን አይችልም።

ጥያቄ፦ ቶሎ እንዲደርስ በ37 ብናደርገውስ?

መልስ፦ ከላይ ተመልሷል፤ አንብቡ። 37 አይሆንም። ባዶ ኮንትሮሉንም አትርሱ።