ኮምቦልቻ ላይ ሲያቀዘቅዝ የኖረ ፍሪጅ ደሴ ሲወጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ጥቅምት መግቢያ ላይ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ተዛወርን። ፍሪጃችን ባለሁለት በር ነው፤ ፍሪዘሩ ከላይ ነው። ኮምቦልቻ አራት ዓመት ስንጠቀምበት አንድ ቀን አስቸግሮን አያውቅም። እዚህ ቤቱ ስለጠበበን በላሜራ የተከለለው በረንዳ ላይ አቆምነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ደህና ሠራ። ከኅዳር አጋማሽ ወዲህ ግን ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ስጋ በረዶው እየለቀቀ ይለሰልሳል፤ በበሩ ሥርም ውሃ ይንጠባጠባል። ከታች ያለው ወተት ግን ምንም አልሆነም። የውስጥ መብራቱም ይበራል። የሞተሩን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ። ብርድ ነው ብዬ ቁጥሩን ከ4 ወደ 1 ዝቅ አድርጌው ነበር። አንድ ሠራተኛ መጥቶ ከጀርባው አየት አደረገና «ጋዝ ጨርሷል፣ ይሞላ» አለኝ። ላስሞላው? ስጋውስ ይበላል?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከደሴ ሰኞ ገበያ

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ለጊዜው ብር አታውጪ። መልሱን ራስሽ ደብዳቤሽ ውስጥ ጽፈሽዋል። ወተቱ ደህና ነው፣ ስጋው ለስልሷል፣ ሞተሩ ዝም ብሏል፣ ፍሪጁ ያለው በረንዳ ላይ ነው። እነዚህ አራቱ አንድ ላይ ሲመጡ መጀመሪያ የምጠረጥረው የደሴን ብርድ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። እንዳንቺ ያለው ፍሪጅ አብዛኛውን ጊዜ ቴርሞስታቱ አንድ ነው። እሱም የሚከታተለው የታችኛውን ክፍል ነው። ታች ሲሞቅ ሞተሩን ያስነሳል፤ ታች ሲቀዘቅዝ ያጠፋል። ላይ ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ስጋ ይቅለጥ አይቅለጥ አያውቅም። ኮምቦልቻ ቤቱ ሞቃት ነው። ታችኛው ክፍል ቶሎ ቶሎ ይሞቃል፣ ሞተሩም ቶሎ ቶሎ ይነሳል፣ ፍሪዘሩም በዚያው በረዶውን ይይዛል። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የሐረጎን ዳገት ጨርሰሽ ስትገቢ ግን ወደ 600 ሜትር ያህል ከፍ ብለሻል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት የጦሳ ተራራ ብርድ ሲወርድ ላሜራ አያቆመውም። በረንዳው ከ10 ዲግሪ በታች ይገባል። ታችኛው ክፍል የሚፈልገው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። በረንዳው ራሱ 7 ወይም 8 ዲግሪ ከሆነ ፍሪጁን የሚያሞቀው ነገር እምብዛም የለም። ስለዚህ ሞተሩ ለሰዓታት ይተኛል። ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ እንዲቆይ ሞተሩ ደጋግሞ መነሳት አለበት።

ቁጥሩን 1 ማድረግሽ ደግሞ አባሰው። ቁጥሩ የቅዝቃዜው መጠን ነው፤ ሲጨምር ያቀዘቅዛል፣ ሲቀንስ ሞተሩ ይበልጥ ያርፋል። ይሄን የሚገለብጥ ሰው በጣም ብዙ ነው።

አምና በዚሁ ወቅት ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንዲት እናት ጠርተውኝ ሄድኩ። የእሳቸውም በረንዳ ላይ ነበር፣ እሳቸውም ጋዝ ጨርሷል ተብለዋል። ከጀርባው ያለውን ጥቁር ቱቦ ዳሰስኩት፤ እንደ ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው። ቡና ተፈልቶ ስለነበር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ፍሪጁ ላይ ጣልኩ። አቦሉን ጠጣን፣ ቶናውን ጠጣን፣ በረካው ደረሰ፤ ሞተሩ አንዴም አልተነሳም። ከልጆቻቸው ጋር ተጋግዘን ሳሎን አስገባነውና ሰካነው። ቁጥሩን ከ1 ወደ 4 ሳዞረው ጠቅ አለ። ሞተሩ ሲነሳ ረከቦቱ ላይ ያሉት ሲኒዎች ተንቀጫቀጩ። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ቱቦውን ስነካው ለእጅ ሞቋል። ያ ሙቀት ከፍሪጁ ውስጥ የወጣ ሙቀት ነው። ሞተሩም ጋዙም እየሠሩ ነው ማለት ነው። ማታ ፍሪዘሩ ውስጥ በሲኒ ያስቀመጡት ውሃ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ አገኙት።

አንቺም ይህንኑ አድርጊ። ቤቱ ቢጠብም ወደ ውስጥ አስገቢው፤ ከምድጃ ይራቅ፣ ጀርባው ከግድግዳው አንድ መዳፍ ያህል ይልቀቅ። ሲወስዱት አያስተኙት፣ ቆሞ ይሂድ። ቁጥሩን 4 ላይ መልሺና ሩብ ሰዓት ጠብቀሽ ቱቦውን ዳስሺ። አዳዲሶቹ ፍሪጆች ከጀርባ ቱቦ አይታይባቸውም፤ የእነሱን ጎንና ጎን ነው የምትዳስሺው። ከሞቀ ችግርሽ አልቋል። አንድ ቀን ሙሉ ስጪው።

ውስጡ የተለጠፈውን ወረቀትም እይልኝ። የአየር ንብረት ክፍሉ በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፏል። «ኤስ ኤን» ካለ ከ10 እስከ 32 ዲግሪ ባለው ክፍል ውስጥ እንዲሠራ የታሰበ ነው። «ኤን» ከ16 እስከ 32፣ «ኤስ ቲ» ከ16 እስከ 38፣ «ቲ» ደግሞ ከ16 እስከ 43 ዲግሪ ነው። «ቲ» የሚለው ለሞቃት አገር የተሠራ ነው፤ ለኮምቦልቻ ግሩም ነው፣ ለደሴ በረንዳ ግን አይሆንም። ደሴ ሆናችሁ ፍሪጅ የምትገዙ ሰዎች ይህችን ፊደል ሳታዩ ብር አትቁጠሩ።

አሁን ስለ ጋዙ። ይህን ሳልናገር ማለፍ አልችልም፣ ብዙ ቤት ያለአግባብ ገንዘብ ሲወጣበት አይቻለሁና። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ምድጃ ጋዝ ተቃጥሎ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል፣ ዓመት ከዓመት ያው ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው ሳይደፈን ቢሞላ ተመልሶ ይወጣል፣ አንቺም ተመልሰሽ ትከፍያለሽ። ስለዚህ «ጋዝ ጨርሷል» ሲሉሽ «የፈሰሰው በየት በኩል ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ቦታውን ያላሳየሽ ሰው አይሙላልሽ። በእርግጥ ጎድሎ ከሆነ ምልክቱ ካንቺው የተለየ ነው፤ ሞተሩ ሳያርፍ ይሠራል፣ ቱቦው ግን እምብዛም አይሞቅም፣ ታችም ላይም አይቀዘቅዝም። ዓይነቱንም ሞተሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ይናገራል። «አር 600 ኤ» ከሆነ እሳት የሚይዝ ጋዝ ነው። ቤት ውስጥ በእሳት የሚበይድ ሰው የቱቦውን መስመር ከጋዙ ሳያጸዳ እንዳይጀምር፤ «አር 134 ኤ»ም በምትኩ አይሞላበት።

ቁጥሩን ስትጨምሪ ሞተሩ ጠቅ ብሎ፣ ለጥቂት ሰከንድ አጉረምርሞ፣ እንደገና ጠቅ ብሎ ዝም ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ወይ የመብራቱ ኃይል ወርዷል፣ ወይ ማስነሻው ሪሌይ ተበላሽቷል። የመብራቱን ኃይል በቴስተር አስለኪ፤ ከ220 ቮልት በጣም ከወረደ ደጋግመሽ አትሞክሪው፣ ሞተሩ ይቃጠላል። መብራት ሄዶ ሲመጣም 5 ደቂቃ ሳትጠብቂ አትሰኪው።

ስጋውን በተመለከተ፣ መሐሉ ላይ በረዶ ካለውና ከቀዘቀዘ ዛሬውኑ ሠርተሽ ጨርሺው። ለስልሶ ስንት ቀን እንደቆየ ካላወቅሽ ግን ለልጆችሽ አትስጪ፣ ይጣል። ስጋ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ይጣል።

ጥያቄ፦ የእኔ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኖ ፍሮስት (በረዶውን ራሱ የሚያቀልጥ) ፍሪጅ ነው፤ ላይ ድንጋይ ያደርጋል፣ ታች ግን አትክልቱ ይጠወልጋል፣ ወጡም ይኮመጥጣል። ምን ላድርግ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ቅዝቃዜው አለ፣ ወደ ታች የሚወስደው ነፋስ ነው የተዘጋው። ከፍሪዘሩ ጀርባ ካለው ክዳን ኋላ በረዶ ተጋግሮ መተላለፊያውን ደፍኖት ሊሆን ይችላል። ዕቃውን አውጣ፣ ከሶኬቱ ንቀለው፣ ሁለቱንም በር ከፍተህ ለ24 ሰዓት ተወው፣ ሥሩ ጨርቅ አንጥፍ። ስትሰካው ታች ከቀዘቀዘና ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ያው ከሆነ፣ በረዶውን በየጊዜው የሚያቀልጠው ማሞቂያ ወይም መቆጣጠሪያው አልሠራም ማለት ነው፤ እሱን አስቀይር። በረዶው ቀልጦ ካለቀ በኋላም ታች ካልቀዘቀዘ ነፋሱን የምትገፋው ማራገቢያ መዞሯን አረጋግጥ። በሩ ሲከፈት በብዙዎቹ ላይ ስለምትቆም የበሩን ማብሪያ በጣትህ ተጭነህ አድምጥ። በረዶውን ግን በቢላ እንዳትነካው። ከሥሩ ያለው ቱቦ ስስ አልሙኒየም ነው፤ አንዴ ከተበሳ ያኔ በእውነት ጋዝ ይወጣል።