ለቡክሼልፍ ስፒከር የቱ አምፕ ይሻላል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን እንደተረዳሁት ጅማ፣ ሳሎንህ ውስጥ ጥንድ ቡክሼልፍ (መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ትንሽ) ስፒከር አለህ። ጀርባው ላይ 4 ኦም (ለኤሌክትሪኩ ያለው ተቃውሞ)፣ 85 ዴሲቤል (በትንሽ ኃይል የሚያወጣው የድምፅ መጠን) ይላል። ማታ ሙዚቃ፣ ቅዳሜና እሁድ ፊልም። ሱቅ ውስጥ ደግሞ "2000 ዋት" የተጻፈበት አምፕ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠው ዕቃ) አሳይተውህ እጅህ ኪስህ ገብቷል። ቆይ እስኪ።

ያቺን 2000 እርሳት። ፒኤምፒኦ የሚሉት የተጋነነ ቁጥር የካርቶን ማስዋቢያ ነው። አንተ የምትፈልገው አርኤምኤሱን፣ ማለትም አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል ነው። ሪሲቨር (ለብዙ ስፒከር የተሠራ የፊልም አምፕ) ከሆነ ማንዋሉን ግለጥ፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ቁጥር ታገኛለህ። ትልቁ አንድ ቻናል (የአንድ ስፒከር መስመር) ብቻ እየሠራ፣ በ1 ኪሎኸርዝ፣ አንዳንዴም 10 በመቶ የድምፅ መዛባት ተፈቅዶለት የተለካ ነው። ትንሹ ሁለቱም ቻናል አብረው እየሠሩ፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ የተለካው ነው። ትንሹን እመን።

ዋት እንደሚወራለት አይደለም። በእጥፍ ብትጨምረው የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ከ50 ወደ 100 ዋት ለመውጣት ስንት ብር ከፍለህ፣ ልዩነቱ ቮሊዩሙን ትንሽ ነካ እንደማድረግ ነው። ቡና እየተፈላ የሚከፈት ሙዚቃ ጥቂት ዋት ይበቃዋል። ፊልም ላይ ፍንዳታው ድንገት ስለሚመጣ ትርፍ አቅም ያስፈልጋል። ለተለመደ ሳሎን በ4 ኦም የተለካ ከ50 እስከ 80 እውነተኛ ዋት ካለህ ጥሩ ነው። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ያው ምንም አምፕ አያሸንፈውም፤ ኮርኒስ ይቅደም።

ያንተ ጣጣ ዋቱ ሳይሆን 4 ኦሙ ነው። በአንድ ዓይነት ቮልቴጅ ከ8 ኦም ስፒከር እጥፍ ከረንት ይስባል፣ አምፑም ይግላል። አምፑን አዙረህ ስፒከር የሚታሰርበት ጋ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። "ከ4 እስከ 8" ካለ ግባበት፣ "ከ6 እስከ 16" ካለ ይቅርብህ። ቤት ስትወስደውም ቡፌ ውስጥ አትወትፈው። ዳንቴልም ከላዩ አይልበስ! እናቶቻችን ለውበት ጣል ያደርጉበታል፣ አየር ማስወጫውን ግን ድፍን ያደርገዋል። ከላዩ አንድ ስንዝር ክፍት ተውለት።

ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል አምፕ) ወይስ ሪሲቨር? ከሁለት ስፒከር በላይ የመግዛት ሐሳብ ከሌለህ እኔ ስቴሪዮ እላለሁ። በዚያው ዋጋ ሪሲቨሩ ገንዘቡን ለአምስትና ለሰባት ቻናል ያከፋፍለዋል። የቲቪውን ድምፅ የሚቀበልበት ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ ወይም ኦፕቲካል መግቢያ ያለው ይሁን፣ የሰብዉፈር (የቤዝ ስፒከር) መውጫም አይጥፋው። ቲቪው ላይ የድምፅ መውጫውን ፒሲኤም (ያልታመቀ ዲጂታል ድምፅ) አድርገው፣ አለዚያ አንዳንዱ አምፕ ጭራሽ ድምፅ አያወጣም። ሁለቱን ስፒከር በትክክል ካስቀመጥካቸው የተዋናዩ ንግግር ከመሃል የሚመጣ ይመስልሃል። ወደፊት ሴንተር (የመሃል) እና የኋላ ስፒከር መጨመርህ ካልቀረ ግን ሪሲቨር ግዛ። ያኔ ሰብዉፈር ጨምርና ክሮስኦቨሩን (ቤዙ ለሰብዉፈር የሚተላለፍበትን ወሰን) 80 ኸርዝ አካባቢ አድርገው፤ ከባዱን ቤዝ እሱ ይሸከምልሃል፣ ትንንሾቹ ስፒከሮችም አምፑም እፎይ ይላሉ።

አንዳንድ ሰው "አምፑ ትንሽ ከሆነ ስፒከሬ አይቃጠልም" ይላል። ተሳስቷል፤ ደካማ አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ ቀድማ የምትቃጠለውም ትዊተሯ (ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ትንሿ ክፍል) ናት። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ቮሊዩሙን ቀንሰው።

ከውጭ የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ ቮልቴጁን ሳታይ እንዳትሰካ። የጃፓኑ 100፣ የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 በአንዴ ይጨርሰዋል። መብራት ደግሞ ሲሄድና ሲመጣ ስለሚዋዥቅ ስታቢላይዘር ይኑርህ።

ልትከፍል ስትል ስፒከሮችህን ይዘህ ሂድ። ባለሱቁ ሞቅ አድርጎ ግማሽ ሰዓት ያጫውትልህ፣ ከዚያ የአምፑን ክዳን በእጅህ ንካው። እጅህን ማሳረፍ ካቃተህ ሌላ አሳየኝ በለው።