ሹሩባሽን ራስሽ ልትሠሪ ነው? የግንባርሽን ነገር አደራ

«እህቴ ልታገባ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። ለመልሱ ሁላችንም ሹሩባ ነው የምንሠራው ብላለች። እኔ ያለሁበት ከተማ ግን የሚሠራ ሰው የለም። ለራሷ ሠርታ የምታውቅ ካለች እባካችሁ» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ አለሁልሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ ራሴን በራሴ ስሠራ ነው የኖርኩት። ከግራ ጆሮዬ በላይ ያለችው ስስ ቦታ ምስክሬ ናት። ወደ እሷ እመጣለሁ።

መጎንጎን እንደምትችይ ገምቻለሁ። ጭራሽ የማይችል ሰው በሦስት ሳምንት ሹሩባ እሠራለሁ ብሎ አይነሳም። ፀጉርሽም እንደ እኔው ስስ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ወፍራም ከሆነ እድለኛ ነሽ፣ ግማሹን ዝለይው።

1. መጀመሪያ ለራስሽ እጅ የሚሆን አሠራር ምረጪ። እስከ ማጅራት የሚወርድ ሠላሳ ቀጭን መስመር አትሞክሪ። አሥረኛው ላይ ክንድሽ ይዝላል፣ ሃያኛው ላይ ታለቅሻለሽ። አልባሶ ይሻልሻል። ወፍራም ወፍራም፣ ሰባት ወይም ዘጠኝ መስመር ይበቃል። እሱንም እስከ አናትሽ ብቻ ጎንጉነሽ ከኋላ ልቀቂው። የእናቶቻችን ሹሩባ ራሱ እንደዚያ አይደል? አናት ላይ ተይዞ ትከሻ ላይ ይነፋል። ለራስ ሲሠሩ ትልቁ ጣጣ ማጅራት ነው። እዚያ ካልደረስሽ ግማሹ ሥራ ቀረልሽ። ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሁለት ዓመት እጄን ከኋላ አጣምሜ ተሰቃይቻለሁ። (አፄ ቴዎድሮስ በየሥዕሉ በሹሩባ ነው የምናያቸው። እሳቸው ግን ሠሪ አላጡም።)

2. መስታወቱን መስመር ለመክፈል ብቻ ተጠቀሚበት። የመሃሉን መስመር ከአፍንጫሽ ትይዩ ጀምሪ፣ የጎንና የጎኑን ደግሞ ከቅንድብሽ መሃል። የቀረውን ፀጉር በክሊፕ ያዢው። መጎንጎን ስትጀምሪ ግን ከመስታወቱ ዞር በይ። መስታወት ግራሽን ቀኝ እያደረገ ጣትሽን ያደናግረዋል። ጣት ብቻውን ያውቃል፣ እመኚው። ክርንሽን ጠረጴዛ ላይ ወይም ግድግዳ ላይ ብታስደግፊ ክንድሽ ቶሎ አይደነዝዝም።

ሌላው፣ የዳርና የዳሩን ፀጉር ከመሃለኛው በታች አሳልፊ። በታች ሲያልፍ ጉንጉኑ ከራስሽ ላይ ብድግ ብሎ ይታያል። በላይ ካሳለፍሽው ወደ ውስጥ ይሰጥማል። እኔ የመጀመሪያዬን በላይ በላይ ሠርቼ፣ አራት ሰዓት ፈጅቶብኝ፣ ጓደኛዬ «ምነው ዛሬ ፀጉርሽን ወደ ኋላ አስያዝሽው?» አለችኝ። ሹሩባ መሆኑ አልታያትም!

3. አታጥብቂ። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእዚህች ቃል ስል ነው።

ራሴን መሥራት ስጀምር የምኖረው አሜሪካ፣ ሰሜን ዳኮታ ግዛት፣ ፋርጎ ከተማ ነበር። ሥራ እዚያ ወስዶኝ ነው እንጂ የሚመረጥ ብርድ ሆኖ አይደለም። ሹሩባ የምትሠራ ሰው ሳጣ ሚኒያፖሊስ ወዳለ አንድ ፀጉር ቤት ደወልኩ። 235 ማይል ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ነዳሁ። ቀጠሮዬ ጠዋት አራት ሰዓት ነበር፣ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ስምንት ሰዓት ላይ። ሴትዮዋ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሃል ይዛ እያወራች ፀጉሬን በሁለት ጣት አነሳችና «ይሄ ደግሞ ምኑ ይያዛል?» አለች። ለእኔ አይደለም የተናገረችው፣ ስልክ ላይ ላለችው ጓደኛዋ ነው። አመመኝ ስላት «ካላመመሽማ ነገ ይፈታል» አለችኝ። 160 ዶላር ከፈልኩ። ጉርሻም ጨምሬያለሁ፣ ሞኝ ስለሆንኩ። ስመለስ ቅንድቤ ወደ ላይ ተሰቅሎ መኪናው መስታወት ውስጥ የደነገጠ ሰው መስዬ ታየሁኝ። ሌሊቱን ትራስ ላይ መተኛት አልቻልኩም።

ሁለተኛ እዚያ ቤት አልሄድም ብዬ ማልኩ። ራሴን በራሴ የጀመርኩት በእልህ ነው። እልኹም ሠራልኝ፤ በስምንት ወር ውስጥ የሚታይ ሹሩባ መሥራት ቻልኩ። ግን አንድ ነገር ልብ አላልኩም። ሴትዮዋን ተጣልቼ እጇን ይዤ ነበር የመጣሁት። «ካላመመ ይፈታል» የምትለዋ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ቀርታለች። ሳላነባ ከጨረስኩ በደንብ የሠራሁ አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ መልስ መጣ፣ ዋሽንግተን አካባቢ። በማግስቱ በረራ አለኝ። ሌሊት ከሻወር ወጥቼ ፀጉሬ እንደረጠበ ጀመርኩ። እርጥብ ፀጉር መስመሩ ጥርት ይልልሻል፣ ለዚያ ነው። ጄል ደፋሁበትና ጆሮ ግንዴ ላይ ያለውን እንደ ክራር ጅማት ወጠርኩት። እርጥብ ፀጉር ሲጎትቱት ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይሰበሰባል። የተወጠረው ላይ ሌላ ውጥረት ተጨመረ ማለት ነው። አውሮፕላን ውስጥ ግንባሬን ስዳብሰው ጠርዝ ጠርዙን ትንንሽ ብጉር አውጥቷል። ታይሌኖል (የሕመም ማስታገሻ) ዋጥኩና ጨፈርኩ።

ደግሞ እንዴት እንዳማረ! አልዋሽሽም፣ «ማን ሠራሽ?» ያላለኝ ሰው የለም። «ራሴ ነኝ» ስላቸው አያምኑም። አንዷማ አዳራሹ ውስጥ ወንበር አዙራ ሥሪኝ ብላ ተቀምጣ ነበር። በዚያ ኩራት ሳልፈታው ሰባት ሳምንት ቆየሁ። የፈታሁት ቀን ከጆሮ ግንዴ ላይ ያለው ፀጉር ከነሥሩ ጣቴ ላይ ቀረ። ሁለት ጣት ስፋት ያለው ባዶ ቦታ በግራ፣ ትንሽ ያነሰ በቀኝ። እናቴ በቪዲዮ አይታኝ «ላሽ ነው እንዴ?» ብላ ጠበል ልትልክልኝ ነበር።

ላሽ አይደለም። የቆዳ ሐኪም ለማግኘት ሁለት ወር ጠበቅኩ። አሥር ደቂቃ አየኝ፣ 240 ዶላር አስከፈለኝ። ያለኝ ይህ ነው፦ በመጎተት ብዛት የሚመጣ ነው፣ በጊዜ ካቆምሽ ይመለሳል፣ ከቀጠልሽ ሥሩ ጠባሳ ይይዝና ከዚያ በኋላ አይበቅልም። የቀኙ በዓመቱ ሞላ። የግራው ይኸው እስከ ዛሬ በሻሽ ነው የሚሸፈነው።

ስለዚህ ስትሠሪ ፀጉርሽ ደረቅ ይሁን። ማታ ታጥበሽ አራት አምስት ቦታ ላላ አድርገሽ ጎንጉነሽው ብታድሪ ጠዋት ተዘርግቶ ይጠብቅሻል፣ ፎንም አያስፈልግሽ። ግንባርሽ ጠርዝ ላይ ያለውን ለጋ ፀጉር ሹሩባው ውስጥ አታስገቢው፣ ውጪ ተይው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች ላላ አድርጊና ከዚያ በኋላ ያዝ ያዝ አድርጊ። አንድ መስመር በጨረስሽ ቁጥር ቅንድብሽን ወደ ላይ አንሺ፣ ከዚያ አገጭሽን ደረትሽ ላይ አድርጊ። ቆዳሽ ከተሳበ ያንን መስመር ፍቺው። ሰነፍ አትሁኚ፣ ፍቺው። ብጉር ካየሽማ የሰርጉ ዕለትም ቢሆን ፍቺ።

ቅቤ እንቀባለን ብለሽ ከሆነ መስመሩ ላይ ብቻ፣ የሽምብራ ፍሬ ታክል። አዳራሽ ሲሞቅ ይቀልጣል። የእኔ ነጠላ ጥለቱ ላይ ያለው ቢጫ እድፍ እስካሁን አልለቀቀም።

ከመልሱ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ሥሪው፣ እስከዚያው ረገብ ይላል። ማታ የሳቲን ሻሽ እሰሪ። ከሁለት ሦስት ሳምንት በላይ አታቆይው። ስትፈቺ ብዙ ፀጉር ቢወጣ ደግሞ እንደኔ አትጩሂ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 የሚሆን ፀጉር ይረግፍበታል፣ ሹሩባው ይዞት ቆይቶ ነው አንድ ላይ የሚወጣው። መጀመሪያ በማበጠሪያ አውጪው፣ ከዚያ ታጠቢ። በውኃ ከጀመርሽ ይያያዝና በመቀስ ነው የምትገላገይው። ሥሩ ላይ ቆዳው ባዶ ሆኖ ከታየሽ ግን ያ ሌላ ነገር ነው፣ ሁለት ወር አትጠብቂ።

ሦስት ሳምንት አለሽ፣ የፊታችን እሑድ አንድ ሙከራ ሥሪ። ከጎን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ቅንድብሽ ወደ ላይ ከተሰቀለ እነግርሻለሁ።