የቮልስ እሳት አስተካከል፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ የምመልሰው በፑንቲና ስለሚሠራው አሮጌው ቮልስዋገን ቢትል ነው፤ በተለይ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ ስለተሠሩት። ፑንቲና ማለት እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳው የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው። እሳት ማስተካከል ደግሞ ሻማው የሚያቀጣጥልበትን ቅጽበት ማስተካከል ነው፤ የሚለካውም ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ በፊት በሚቀረው የሞተር ዙር ዲግሪ ነው።

ጋሼ፣ መካኒኬ እሳቱን ለሻማዎቹ የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር የሚያስተካክለው በጆሮው ነው። ይበቃል?

ለቮልስ አይበቃም። እሳቱ ከልክ በላይ ሲቀድም ሞተር ያንኳኳል፤ በቮልስ ግን የማራገቢያው ጩኸት ድምፁን ይውጠዋል። ያወቅኸው ዕለት ፒስተኑ ተበስቷል። ደግሞም እሳት ሲቀድም ሚኒሞው (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ስለሚል ጆሮ ሞተሩ የተሻለው ይመስለዋል።

መሣሪያ ከሌለኝስ?

አንድ አምፖል ይበቃሃል፤ የቆዩት 6 ቮልት ስለሆኑ ልኩን ምረጥ። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የፑሌጃውን (ቺንጋውን የሚያዞረውን ክብ ብረት) ለሞተርህ የተሰጠውን ምልክት፣ በብዙዎቹ የ7.5 ዲግሪውን፣ ከሞተሩ አካል መጋጠሚያ መስመር ጋር አገናኝ። በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የሚዞረው ክፍል ወደ 1ኛው ሲሊንደር ማመልከት አለበት። አምፖሉን ከፑንቲናው ሽቦና ከመኪናው ብረት ጋር አያይዝና ቁልፉን ክፈት። ዲስትሪቢውተሩን አምፖሉ እስኪጠፋ በሰዓት አቅጣጫ አዙር፤ ከዚያ ቀስ ብለህ መልሰው፤ በበራበት ቅጽበት እሰረው። ቫኪዩም (በካርቡራቶሩ የአየር ስበት እሳቱን የሚያስቀድም ክፍል) የሌለውን ቦሽ 009 የተባለ ዲስትሪቢውተር ከገጠምክ ግን ይህን እርሳው። እርሱ የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ምልክቱን በብልጭታ በሚያሳየው መብራት፣ በታይሚንግ ላይት ነው፤ ከ3,000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ።

ፑንቲና ስቀይር እሳቱን እንደገና ልንካው?

ሁልጊዜ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊሜትር ነው፤ ሲሰፋ እሳቱ ይቀድማል፣ ሲጠብ ይዘገያል። ቅደም ተከተሉ፦ ቫልቮላ፣ ፑንቲና፣ እሳት፣ በመጨረሻ ካርቡራቶር።

ከካርቡራቶሩ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ተሰንጥቃ መካኒኩ ደፈናት። አሁን መኪናዬ ዳገት አይወጣም፤ ይሞቃልም።

እህቴ፣ ያቺ ቱቦ ጌጥ አይደለችም! በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ቮልሶች ፍጥነት ሲጨምር እሳቱን የሚያስቀድመው ቫኪዩም ብቻ ነው። ስትደፈን እሳቱ በ7.5 ላይ ተቸንክሮ ይቀራል፤ ሞተሩ ይሞቃል፣ ቤንዚን ይበላል። አዲስ ቱቦ ግጠሚ። ከካርቡራቶሩ ጋር ከማያያዝሽ በፊት ግን የዲስትሪቢውተሩን ክዳን ከፍተሽ፣ በካርቡራቶሩ በኩል የሚገባውን የአዲሱን ቱቦ ጫፍ በአፍሽ ሳቢና በምላስሽ ያዢው። ፑንቲናው የተቀመጠበት ሳህን ዞሮ ባለበት ከቆመ ደህና ነው፤ ወዲያው ከተመለሰ ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን ተቀድዷል። ስለ ቱቦው ጣዕም ከአሁኑ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አዲስ አበባ ላይ እሳቱን ትንሽ ማስቀደም ይጠቅማል ይላሉ።

እውነት አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ነው፤ ድብልቁ ቀስ ብሎ ስለሚነድ ሞተሩ እሳቱ ጥቂት ዲግሪ ቢቀድም ይችላል። ችግሩ ወደ አዋሽ ስትወርድ ነው፤ አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ ያን ጊዜ የቀደመው እሳት ሞተሩን ያንኳኳዋል። እኔ በ7.5 ነው የምተወው። ጨምረህ ከሆነ ግን ከመውረድህ በፊት መልሰው።